ባለ ሁለት መስመሯ ቢጫ

የልጅቷ አባት ሰውየውን የደረሱበት ጨው በእጃቸው ይዘው ነው።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። የጓሮው አፈር ረስርሶ፣ ከጥቅል ጎመኑ ቅጠል ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውየው በወደቀው አጥር በኩል ገብቶ ከቧንቧው አጠገብ ተንበርክኳል፤ ሱሪው ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ አፍንጫው የግድግዳውን ስንጥቅ ሊነካ ምንም አልቀረው። አባት ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፣ በቀላሉ የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። ጨዉንም የያዙት ጎመናቸውን ለሚጨርሱባቸው ቀንድ አውጣዎች እንጂ ለሌባ አልነበረም። ያውም ዛጎላቸውን በጀርባቸው ያዘሉት ሳይሆኑ፣ ራቁታቸውን የሚሄዱት፣ ሲነኳቸው የሚያሙለጨልጩት፣ ሰው ሁሉ የሚጸየፋቸው ዓይነት።

«ምን ጠፍቶህ ነው የኔ ወንድም?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ባንኳኳ ባንኳኳ የሚሰማኝ አጣሁ» አለ ሰውየው ሳይነሳ። «ጨዉን ብቻ ትንሽ ይታገሡልኝ።»

«በገዛ ጓሮዬ እንድታገሥ?»

«አንዲት ደቂቃ። አንዷ እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ገብታብኛለች።»

ልጅቷ ይህን የሰማችው በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ እጇን በፎጣ እያደረቀች ነው። ሳቋ አመለጣት። ሰውየው ሳቁን ሰምቶ ቀና አለ። ግንባሩ ላይ ጭቃ አለ፤ መዳፉ ላይ ደግሞ ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቢጫ ነገር ኩምትር ብላ ተኝታለች። አየችው፤ አያት። ከዚያ ሁለቱም ቢጫዋን ነገር ይመለከቱ ጀመር።

የእነሱ ፍቅር እንግዲህ እንዲህ ነው የተጀመረው፣ በጎመንና በጨው መካከል። ለሰው ቢያወሩት ወግ የለውም። እሷ ግን ዛሬም ድረስ ሌላ አጀማመር አያምራትም።

ሰውየው ሙዚየም ነው የሚሠራው። ሥራው እነዚህን ራቁታም ቀንድ አውጣዎች ሰብስቦ የትኛው የማን ዘመድ እንደሆነ መለየትና በየቤተሰባቸው መመደብ ነው። ሰማዩ ጠቆር ካለ ስብሰባም ላይ ቢሆን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ስለሚወጣ የሥራ ባልደረቦቹ «ዝናቡ» ይሉታል። እሷ በእንስሳት ሳይንስ ተመርቃ፣ እናቷ ካረፉ ወዲህ የአባቷን ቤት እየያዘች፣ ሥራ በማጣት ተቀምጣ ነበር። በዚያው ቀን፣ ጭቃውን በነሱው ቧንቧ ታጥቦ ሲወጣ፣ «ሙዚየም እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው እየፈለጉ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር እየከፈተ ውስጣቸውን የሚያይ» አላት።

«እጄ እንደማይንቀጠቀጥ በምን አወቅህ?»

«ስትስቂ እንኳ ፎጣው አልወደቀብሽም።»

አመለከተች፤ ተቀጠረች። ብዙም ሳትቆይ የመሥሪያ ቤቱ ሰው «መቀስ» አላት። ግማሹ ስለ ሥራዋ ነው፤ ግማሹ ስለ ምላሷ።

የሚሠሩበት ክፍል ከሙዚየሙ ምድር ቤት ነበር። መስኮቱ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ግድግዳውን ሙሉ መደርደሪያ ይዞታል፤ መደርደሪያውን ሙሉ ብልቃጥ፤ በየብልቃጡ ውስጥ በአልኮል የተነከሩ፣ ቀለማቸው የለቀቀ ቀንድ አውጣዎች። ሽታው መጀመሪያ ራሷን ያዞራት ነበር፤ ኋላ ግን ከልብሷ ላይ ስታሸተው ደስ ይላት ጀመር። ከሱም ልብስ ላይ ያው ሽታ ስለሚመጣ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

«ከውጭ ስታዪያቸው ይዋሻሉ» ይላት ነበር ጎን ለጎን ተቀምጠው። «ቀለማቸው በሚበሉት ነገር ይለወጣል፣ በእርጥበቱም ይለወጣል። በቀለም ያመነ ሰው ጉድ ይሆናል። መጀመሪያ ጀርባዋ ላይ ያለችውን ኮርቻ የመሰለች ነገር ተመልከቺ። ከኮርቻዋ በስተቀኝ ቀዳዳ አለች።»

«መተንፈሻዋ።»

«መተንፈሻዋ። ወደ ፊት ጠጋ ካለች ከአንደኛው ቤተሰብ ናት፣ ወደ ኋላ ከሸሸች ከሌላው። ከኮርቻዋ ሥር ደግሞ የዛጎሏ ርዝራዥ አለ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታክል። ቤቷን አልጣለችውም እኮ፣ ውስጧ ደብቃው ነው።»

«እንዳንተ ማለት ነው።»

«እኔ ምን ደበቅሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ተከፍተህ አልታየህም» አለችው ወረንጦዋን እያነሳች፤ እሱም ወንበሩን ወደ ኋላ ፈቀቅ አደረገና ሳቀ።

የመጨረሻው መለያ የሚገኘው ግን የመራቢያ አካላቸው ውስጥ ነው። ዝርያ ከዝርያ የሚለየው በዚያ ነው፣ እሱን ደግሞ ሳይከፍቱ ማየት አይቻልም። ለመክፈት መጀመሪያ መግደል አለ። ውሃ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ብልቃጡ እስከ አፉ ይሞላል፣ ቀንድ አውጣዋ ትገባና ይከደናል። አየር እንዳታገኝ ነው። በአልኮል በድንገት ከገደሏት ተኮማትራ ትቀራለች፤ በውሃ ቀስ ብላ ስትሰጥም ግን ሰውነቷ እንደተዘረጋ ይቆያል። ዝናቡ ይህ ሲሠራ ሁልጊዜ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

«ለምንድን ነው ሁሌ የምትወጣው?» አለችው አንድ ቀን።

«ቀዳዳዋ ስትከፈት ስትዘጋ ማየት አልችልም።»

«እኔስ የምችል ይመስልሃል?»

«አንቺማ መቀስ ነሽ።»

ይህን ሲላት አሳል ይዞት ነበር። ደረቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያስለዋል፣ እሱ ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይወጣል። ሻርፗን አውልቃ አንገቱ ላይ ጠመጠመችለት። ሊመልስላት ሲል «ተወው» አለችው። ከዚያ በኋላ ሻርፑ የሱ ሆኖ ቀረ።

ሽማግሌ ለመላክ ሲያስብ መጀመሪያ ራሱ አባቷን ሊያናግር መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። አባት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እነዚህ ጎመኔን የሚበሉት ነገሮች» አሉ፣ «ወንዱና ሴቱ በምን ይለያል?»

«አይለያዩም ጋሼ። ሁሉም ወንድም ሴትም ናቸው።»

«ታዲያ ማነው ማንን ቤት ድረስ ሄዶ የሚጠይቀው?»

ከወጥ ቤት የልጅቷ ሳቅ ተሰማ። ዝናቡም ፊቱ ቀላ፤ «እነሱ አባት የላቸውም፣ ተገላግለዋል» አለ። አባት ይህን ወደዱለት። ቢወዱለትም ግን ያሰቡትን አልሳቱም። ቋሚ ሠራተኛ ነህ ወይ አሉት። አይደለም፤ በኮንትራት ነው፣ በየጊዜው የሚታደስ። «እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሐዲድ ላይ ነው የኖርሁት» አሉት፣ «ባቡሩ የሚያድርበትን ጣቢያ ሳላውቅ ተነሥቼ አላውቅም። ልጄንም ወዴት እንደምትሄድ ሳላውቅ አላሳፍርም። ቋሚ ስትሆን ና።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት።

ቋሚ ለመሆን ደግሞ አንድ መንገድ ነበር። ያቺ ከጓሯቸው የተገኘችው ቢጫ፣ በጎንና በጎኗ ሁለት ጥቁር መስመር ያላት፣ በማንም መጽሐፍ ውስጥ አልተገኘችም። ዝናቡ ከዚያው ግድግዳ ሥር ደጋግሞ እየተመላለሰ ሌሎችም አግኝቷል። የክፍሉ ኃላፊ፣ ቅንድባቸው ሳይቀር የሸበተ ሽማግሌ፣ አሳምረው ነገሩት። «አዲስ ዝርያ መሆኗ ተረጋግጦ ከታተመ፣ ቋሚ መደቡን ላንተ የማልጠይቅበት ምክንያት የለም። መጀመሪያ ግን መቀስ ትክፈታት። እሷ ነች ካለች ነች፣ አይደለችም ካለች አይደለችም።»

የሰው ዕድል እንዲህ በሴት ልጅ ጣት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ያውም ዕድሉ የራሷም በሆነች ሴት።

ከፈተቻት። ሌሎቹንም ከፈተች። የጓሮው ግራጫ ቀንድ አውጣ፣ አባቷ በጨው የሚፈጁት ያ የተለመደው ትልቁ፣ የመራቢያ ከረጢቱ ረዥም ነው። የቢጫዋ አጭርና ክብ ነበር። ደጋግማ አየችው። አጭር ነው። ክብ ነው። ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

አንዲት ሐሳብ ብቻ ብልጭ ብላ ነበር፣ ይህች ምናልባት ገና ልጅ ብትሆንስ የምትል። ያልደረሰ ነገር እኮ ሁሉም አጭር ነው። ግን ያን ጊዜ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ልቧ ደግሞ ከዓይኗ ቀድሞ አይቶ ጨርሷል።

«ሌላ ናት» አለች።

እሱም ግንባሩን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። በመስኮቱ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጫማ ሲያልፍ ሁለቱም አዩ።

ለቢጫዋ ስም ሲያወጣ የመቀስን እውነተኛ ስም ሰጣት፣ እናቷ ያወጡላትን፣ በመሥሪያ ቤቱ ማንም የማይጠራበትን። ከኋላው የላቲን ጭራ ቀጥሎበት በሳይንስ መጽሔት ታተመ። አባቷ ሲሰሙ «እናትሽ ያወጣችልሽን ስም ለዚህ ለሚልገመገም ነገር?» ብለው ተቆጡ፤ ግን መጽሔቱን ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳዩ ታይተዋል። ቋሚ መደቡም ተሰጠው። ሠርጉ ክረምቱ ሲወጣ እንዲሆን ተባለ። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ በሕይወቷ ውስጥ ከሁሉ የጣፈጠው ነው፤ አጭርም ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር ከሷ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። ከቢጫዎቹ መካከል ጥቂቱን ሳትገድል ቀርታ ነበር። ሁሉም ለናሙና እንዲሰጥሙ ታዝዟል። እሷም እስከዚያች ቀን ድረስ ስንቱን ከድና፣ እጇ ተይዞ አያውቅም። ስሟን የያዙትን ግን ማስጠም አልሆነላትም። ለማንም ሳትናገር በፕላስቲክ ሳጥን አድርጋ ቤት ወሰደቻቸውና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አስቀመጠቻቸው። ካሮትና ኪያር እየሰጠች፣ የረጠበ ካርቶን እያለበሰች ታሳድጋቸው ጀመር። አባቷ እንኳ አያውቁም።

አደጉ። መጀመሪያ ዘለግ አሉ። ቀጥሎ ቢጫቸው ደፈረሰ። ከዚያ መስመሮቹ እየደበዘዙ እየደበዘዙ ሄዱና አንድ ቀን ጠዋት ክዳኑን ስታነሣ፣ ከካሮቱ ላይ ወፍራም፣ ትልቅ፣ ግራጫ የጓሮ ቀንድ አውጣ ቀንዱን አውጥቶ ተቀበላት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ካርቶኑን ገለበጠች፣ አፈሩን በጣቷ ፈተሸች፣ ያቺን ቢጫ ፈለገች። የለችም። ያዩት ሁሉ የዚሁ የግራጫው ልጅነት ነበር። አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም። ስሙም የማንም ስም አይደለም፣ ቋሚ መደቡም መሠረት የለውም፣ ሠርጉም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የሱ አይደለም። መቀሱን የያዘችው እሷ ናት።

ልትነግረው ስንቴ ተነሣች። ጠዋት አፏን ስትከፍት «ዛሬ ደግሞ ቀሚስሽን መለካት አለብሽ፣ እህቴ ትጠብቅሻለች» ይላታል። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ የሠርጉን ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። ከሰዓት አፏን ስትከፍት ኃላፊው ይመጣሉ። ነገ እለዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እለዋለሁ እያለች ዝምታው እያደገ ሄደ። የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል፤ ሲያያት ብልቃጥ ታስተካክላለች፣ ሲነካት ሥራ ታበዛለች።

የገረማት እሱም መለወጡ ነው። ቀልዱ ጠፋ። ድሮ አብሯት አውቶቡስ ይጠብቅ የነበረው ሰው «ቤት የሚጠብቀኝ ነገር አለ» ብሎ ቀድሟት ይሄዳል። አንድ ቀን ደግሞ፣ ምሳዋን እየበላች ሳለ፣ ድንገት ጠየቃት።

«ቋሚ ባልሆን ኖሮ ታገቢኝ ነበር?»

አወቀ እንዴ ብላ ደነገጠች፤ ኋላ ደግሞ መደቡን በማግኘቱ ልቡ ከፍ ያለ መሰላትና ተናደደች።

«ምን ማለት ነው? የጠየቅኸኝ መደቡን ይዘህ ነው እንዴ?»

«ዝም ብዬ ነው።»

«ዝም ብለህ እንዲህ አይባልም።»

«እሺ፣ ተይው።»

ተወችው። ያን ቀን ባትተወው ኖሮ እያለች ስንት ጊዜ እንደምታስበው እሷ ናት የምታውቀው። በዚያው ሰሞን «ሠርጉን ትንሽ ብናቆየውስ» ያለው እሱ ነው፤ «እንዳልህ» ያለችው እሷ። ሁለቱም ሌላኛው እንዲቃወም ይጠብቁ ነበር። ማንም አልተቃወመም። አባቷ «ምን ሆናችኋል?» ሲሏት «ምንም» አለች። ፍቅሩ በርዷል ብላ ትራሷን ስታረጥብ ግን ምንም አልነበረም ማለት ይከብዳል።

ዝናቡ ያን ዓመት ልክ አጣ። ሰውየውም ልክ አጣ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ በስብሶ ይመለሳል። ሌላ አዲስ ነገር፣ እውነተኛ አዲስ ነገር የሚፈልግ ይመስል በየገደሉ፣ በየግንቡ ሥር ይቆፍራል። ኃላፊው ሳይቀሩ «አንተ ሰው፣ አሁን እኮ ቋሚ ነህ፣ ምን ያሯሩጥሃል?» አሉት። በመጨረሻ ሥራ ቦታ ላይ ቆሞ ሲያስለው ወደቀ። ሳንባ ምች ነው ተባለ።

ሆስፒታል ስትገባ የሷን ሻርፕ አንገቱ ላይ አየችው። አውልቅ ቢሉት እምቢ ብሏል አሏት አስታማሚዎቹ። የኦክስጅን ጭምብል አጥልቀውለት ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አጠገቡ ተቀምጣ ትንፋሹን ስታይ፣ ለምን ከክፍሉ ይወጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። እሷ ግን መውጣት አልቻለችም። እጁን ያዘች።

«ስትድን የምነግርህ ነገር አለ» አለችው።

ጭምብሉን ገለጥ አደረገ። «እኔም» አለ።

«ጥፋት ነው።»

«የኔም ጥፋት ነው።» በዓይኑ ፈገግ አለ። ያ የጠፋው ፈገግታ ነበር፣ የጓሮው። «የኔ ይብሳል።»

«የኔን ሳትሰማ?»

«ያንቺን ሳልሰማ።»

ልትናገር ነበር። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ሥራህም ስምህም ባዶ ነው ብዬ ልግደለው እንዴ ብላ ዋጠችው። «በቃ ጭምብልህን መልስ» አለችውና ራሷ አስተካከለችለት። ነርሷ የጠያቂ ሰዓት አልቋል ስትል ተነሣች። ከበሩ ላይ ሆና ዞር ስትል ሻርፑን ከፍ አድርጎ አሳያት።

በማግሥቱ የጠያቂ ሰዓት ሳይደርስ አረፈ።

ከቀብር በኋላ የነበረውን አታስታውሰውም። የምታስታውሰው እህትየው ስልክ ደውላ «የተከራያትን ክፍል ልለቅለት ነው፣ ብቻዬን አልችልም፣ ነይልኝ» ማለቷን ነው። ሄደች። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የዝናብ ካፖርት። እህትየው እንደ ልብስ ሰፊነቷ ልብሶቹን እያጠፈች በዓይነት በዓይነት ትደረድር ነበር። ሁሉንም ስትጨርስ ከእጅ መታጠቢያው ሥር አንድ ሳጥን ጎተተች።

«ይሄን ምን ላድርገው እታለም? ሆስፒታል ሲገባ ‹ውሃ እርጪልኝ፣ ካሮት ጣይበት› ብሎኝ ነበር። እኔ አልነካውም፣ ክዳኑን ገለጥ አድርጌ እየጣልሁ እሮጣለሁ።»

መቀስ ክዳኑን አነሣች።

የረጠበ ካርቶን ነበር። ግማሹ የተበላ ካሮት ነበር። ካሮቱ ላይ ሁለት ወፋፍራም ግራጫ ቀንድ አውጣዎች ተኝተዋል። ከጎናቸው ደግሞ አንድ ያልደረሰች አለች፣ ቢጫዋ የደፈረሰ፣ ሁለቱ መስመሮቿ ሊጠፉ ምንም ያልቀራቸው። ሳጥኑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ስም የሷ ስም ነው።

«ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምሎኛል» አለች እህትየው፣ የታጠፈውን ሸሚዝ መልሳ እየዘረጋች። «እነዚህ ነገሮች ሲያድጉ ሥራው ተሳስቷል አሉ፣ እኔ አይገባኝም። ‹መደቡ ገደል ይግባ› ነው ያለኝ። ‹ግን ስሟን ሰጥቻት መልሼ ልነጥቃት ነው፣ እጇም ሲሳሳት አያውቅም፣ ተሳሳትሽ ብዬ እንዴት እነግራታለሁ› እያለ ሲያለቅስ አይቼዋለሁ። ስትሸሺው ደግሞ ጠረጠረችኝ ብሎ ነበር።»

መቀስ ሳቀች። እህትየው ደንግጣ አየቻት። ሳቁ መጣ፣ ቆመ፣ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እዚያው ወለሉ ላይ ሳጥኑን ታቅፋ አነባች። እሱም ማስጠም አልሆነለትም ነበር። እሱም በድብቅ ካሮት ይገዛ ነበር። እሷ በዚያ ወጥ ቤት፣ እሱ በዚህች ክፍል፣ አንዱ ለሌላው ሲሉ አንድ ነገር ደብቀው፣ ፍቅራችን በረደ እያሉ ሁለቱም ብቻቸውን ተቃጠሉ። በምድር ቤቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ «የኔ ግራጫ ሆነ፣ ያንተስ?» ቢባባሉ ኖሮ እንዴት ይስቁ ነበር። ያንን ሳቅ ነው ያለቀሰችለት፤ ሞቱን ማልቀስ ገና አልጀመረችም።

ኃላፊው ዘንድ ሁለቱንም ሳጥን ይዛ ገባች። ሽማግሌው ሰሙ፣ አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ልጄ፣ አፈሩ እንኳ አልደረቀበትም። ማን ያየዋል? ከሱ የቀረው ነገር ይህ ስም ብቻ ነው፤ ላንቺም የቀረሽ ይኸው ነው። ይቆይ። ከኔ ወዲያ የሚመጣ ያርመው።»

እውነታቸውን ነው። ያለ ሠርግ የቀረች ሴት ከሱ የቀራት ስም ብቻ ነው፣ እሱንም በገዛ እጇ አንሥታ ልትጥለው ነው። ከዚያ በብልቃጥ የተሞላውን ግድግዳ አየች። ሁሉም በስሙ፣ ሁሉም በቦታው።

«እኔ ዝም ያልሁት አንዴ ነው» አለች። «ምን እንዳመጣ አይተዋል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ሳጥን ቢሆን፣ ሲሰበሰቡ ተደባልቀው ነው የሚል አይጠፋም ነበር» ብላ ቀጠለች። «በሁለት ቤት፣ በሁለት ሰው እጅ፣ ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ማንም አይከራከርም። ማስረጃው የሁለታችን ነው። በሁለታችን ስም ነው የሚወጣው። የሱ ይቅደም።»

«ለስህተቱ?»

«ለማረሚያው።»

እንዲሁ ሆነ። ታተመ። በዚህ ሙያ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፣ እሷም እሱም የሚያውቁት፤ የወደቀ ስም አይፋቅም። ከእውነተኛው ስም ሥር፣ ካወጣው ሰው ስም ጋር፣ ይጻፍና ይኖራል። በዚያ የቀንድ አውጣ ወገን ውስጥም ማንም ተነሥቶ ያንን ስም ለሌላ መስጠት አይችልም፣ ተይዟል። የጓሮውን ግራጫ ቀንድ አውጣ የሚፈልግ ማንም ሰው፣ በማንኛውም አገር መጽሐፉን ሲገልጥ፣ ከሥሩ የሷን ስም ያገኛል፤ ከስሟም ጎን የሱን። የጋብቻ ወረቀት ባይኖራቸውም፣ አብረው የሰፈሩበት ወረቀት ይህ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ አባቷ ጨው ይዘው ወደ ጓሮ ሲወርዱ አየቻቸው። አጥሩ ዛሬም እንደወደቀ ነው፤ ማንም ሊያነሣው አልፈለገም። ከቧንቧው አጠገብ ሄዳ ቆመች። ጎመኑ ላይ ግራጫዎቹ እንደ ልማዳቸው ተሰማርተው ይበላሉ፣ የቀኛቸው ቀዳዳ ይከፈታል ይዘጋል።

«ለመሆኑ» አሉ አባት፣ እንደ ዘበት አስመስለው፣ «ያ ልጅ ስምሽን የሰጣት የትኛዋ ነበረች? እሷን እንዳልነካ ብዬ ነው።»

«ቢጫዋ ነበረች አባባ።»

«የለችማ። ሁሉም ግራጫ ናቸው።»

«አዎ። ያቺ ሌላ ዝርያ አይደለችም፣ የነዚህ ልጅ ናት። ስሙ ከነሱ ስም ሥር ገብቷል።»

«ታዲያ አሁን ያንቺ የትኛው ነው?»

«ሁሉም» አለች።

አባት ጎመኑን አዩ። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል። ግድግዳውን አዩ፣ ስንጥቁን አዩ፣ ያን ቀን ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ያገኙትን ሰው ያዩ ይመስል ትንሽ ቆሙ። ከዚያ የጨዉን ጣሳ ከደኑትና በብብታቸው ሥር አደረጉት።

«ነይ እንግባ» አሉ። «ጎመን እንደሆነ ከሱቅ ይገዛል።»